የምስክር ያለህ

«ጨብጪ» አለቻት ሲስተር አስናቀች።

ትርፊት ጨበጠች፤ ማለት፣ ለመጨበጥ ሞከረች። አውራ ጣቷ በወጉ ታጠፈ። ሌባ ጣቷ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። የቀሩት ሦስቱ ግን ትእዛዙ ለሌላ ሰው የተሰጠ ይመስል ባሉበት ቀሩ። ሲስተር አስናቀች እጇን ገልብጣ አንጓው ላይ ጫን ስትላት ሕመሙ እስከ ክርኗ ወጣ፤ ትርፊትም ጥርሷን ነክሳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በሆስፒታሉ ግቢ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች የሐምሌን ዝናብ ሽሽት ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል። አንድ በሽተኛ ሲመጣ ከኋላው አባት አለ፣ እኅት አለች፣ ምግብ የቋጠረች ጎረቤት አለች። ሆሳዕና ውስጥ ሰው ብቻውን አይታመምም።

«አንቺን ማን አመጣሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ሲስተር አስናቀች ቀና ብላ አየቻትና እንደገና ወደ እጇ ተመለሰች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ከነጭ ጋዋኗ በላይ ትንሽ የብር መስቀል ያንጠለጠለች ሴት ናት። «ማን ነው ያሰረልሽ?» አለች።

«ወጌሻ።»

«መቼ?»

«መኪናው የተገለበጠ ዕለት። አምስት ሳምንት ሆነው።»

ራጁን ወደ ብርሃኑ አንስታ አሳየቻት። ትርፊት ጥቁርና ነጭ ጥላ እንጂ ሌላ አልታያትም፤ ሲስተሯ ግን በጣቷ እየተከተለች አስረዳቻት። አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። ገጥሟል፣ ግን ጠሞ ነው የገጠመው። አዲስ አበባ ተሄዶ እንደገና መሰበርና መስተካከል አለበት። ጅማቱም ተይዟል።

«በዚህ በአንድ ወር ውስጥ ከሆነ እጅሽ ይመለሳል። ከቆየ ግን እንዲሁ መቅረቱ ነው።»

«ታይፒስት ነኝ» አለች ትርፊት። ሥራዋን የጠየቃት አልነበረም።

ሲስተር አስናቀች ራጁን ከፖስታው መለሰችና ከፊት ለፊቷ ቁጭ አለች። ነገሩን ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ ነገረቻት። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ላይ እያለ አደጋ ከደረሰበት መሥሪያ ቤቱ ያሳክመዋል፤ እስኪድን ድረስም ወንበሩን ለሌላ አይሰጥበትም። ግን ጉዳቱ የመጣው ከዚያ አደጋ መሆኑን የሚናገር የፖሊስ ወረቀት ያስፈልጋል። «እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን አልጽፍም። እጅሽ መሰበሩን አይቻለሁ። የት እንደተሰበረ ግን ፖሊስ ነው የሚያውቀው። እሱን ይዘሽልኝ ነይ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚልክሽን ሪፈር ዛሬውኑ ትወስጃለሽ።»

ችግሩም እሱ ላይ ነበር፤ ፖሊስ አያውቅም።

በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ዓርብ፣ ትርፊት ከምትሠራበት ከሀቢቾ የግብርና ጽሕፈት ቤት የሦስት ወር ሪፖርት ተሸክማ ሆሳዕና ወዳለው የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ትመጣ ነበር። ላንድሮቨሩ አሥራ ዘጠኝ ሰውና የሰው ቁጥር የሚያህል ጆንያ ጭኗል። ከአጠገቧ የተቀመጠች ሴት «ወዲህ ጠጋ በይ፣ ትወድቂያለሽ» ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው ጎማውን አንሸራተተና መኪናው ሦስት ጊዜ እንደማመንታት ብሎ ከቦዩ ውስጥ በጎኑ ተኛ። ትርፊት ስትነቃ የመጀመሪያ ሐሳቧ ሪፖርቱ ነበር። በአምስት ካርቦን የመታችው ወረቀት ጭቃው ላይ ተበትኗል። ቦታ የለቀቀችላት ሴትም ከሁለት ርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ በሰው ጋቢ ተሸፍና ተኝታለች።

ፖሊሱ መጥቶ ሰዉን አንድ በአንድ ሲጠይቅ እሷ ጋ ደረሰ። «አንቺስ?» አላት።

በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከጥያቄው በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲሉት መጀመሪያ ደህና ነኝ ይልና ቀጥሎ ነው የሚሞተው። ያውም ሬሳ አጠገብ ቆሞ «እጄን አመመኝ» ማለት ነውር ነው። ክንዷ ነጠላዋ ውስጥ ደንዝዞ ነበር፤ ሕመሙ ገና አልጀመረም። ትርፊትም «ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ፖሊሱ ጻፈ። እሷም ፈረመች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አሁን፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ያ ጽሑፍ በፖሊስ ጣቢያው በሃምሳ አለቃ ሳህሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የሚሰቀል፣ ቀለሙ ያልደረቀ መፈክር ተደግፏል። ሃምሳ አለቃው በመካከለኛ ዕድሜ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ ሰው ነው። በጣቱ እየተከተለ አነበበላት።

«‹ትርፊት ሀንዲሶ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤት ታይፒስት። ምንም ጉዳት ያልደረሰባት።› የራስሽ ቃል ነው፣ ጓድ ትርፊት። ፊርማሽም ይኸው።»

ጎንበስ ብላ አየችው። ፊርማዋ ተንጋዶ ወደ መስመሩ ጫፍ ወድቋል።

«በግራ እጄ ነው የፈረምኩት» አለች። እስከዚያች ደቂቃ እሷም አላስታወሰችውም ነበር።

ሃምሳ አለቃ ሳህሉ መነጽሩን አውርዶ ፊርማውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያም እጇን ተመለከተ። ፊቱ ላይ የነበረው የቢሮ ነገር ትንሽ ለቀቅ አለ።

«ይታየኛል። ግን የተንጋደደ ፊርማ ምስክር አይሆንም። አብረውሽ የተሳፈሩት ሁሉ ‹እሷስ ደህና ናት፣ ወረቀት ስትለቅም ነበር› ነው ያሉት።» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «መዝገቡ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ከዚህ ከወጣ እኔ አንዲት ፊደል ልጨምርበት አልችልም። አንድ ሰው አምጪልኝ። በዚያ ዕለት እጅሽን ያየ፣ አንድ ሰው። አሠሪ ይሁን፣ ገበሬ ይሁን፣ ግድ የለኝም። የት እንዳየሽ፣ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ማን ማን አብሮ እንደነበር ጠይቄ እጽፋለሁ፤ ዐቃቤ ሕጉ እንዳይመልስብኝ። አንድ ሰው ብቻ።»

አንድ ሰው ብቻ! ለሌላው ይህ ምን አለው? ትርፊት ግን ከጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆማ ስታስበው፣ የዚያን ዕለት እጇን ያዩት ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳቸውንም በስም ልትጠራ አትችልም።

ዘጠኙ ያዩዋት አቶ ማቴዎስ ቤት ነው። የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን በቀበሌ ከታሸገ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን የማዳበሪያ መጋዘን ነው። አቶ ማቴዎስ አናጢ ናቸው፤ የሚጠገን ወንበርና በር የሚመጣላቸውን ያህል ወለምታና ስብራትም ይመጣላቸዋል። ሰው ሰብስበው ሲጸልዩ ተይዘው አራት ወር ታስረዋል፤ ሲፈቱም ዳግመኛ ሰው ላለመሰብሰብ ቀበሌው አስፈርሟቸዋል። ሆኖም ዓርብ ዓርብ ማታ አንድ ሁለት እያሉ የሚመጡትን ሰዎች ሂዱ ማለት አልሆነላቸውም። ራዲዮኑን ከፍ ያደርጉታል፣ ፋኖሱን ዝቅ ያደርጉታል፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ ይዘምሩታል። ትርፊት የሙዱላ ልጅ ናት፤ እናትና አባቷ ሞተዋል፤ በሀቢቾም በሆሳዕናም ዘመድ የላትም። ሆሳዕና ስትመጣ በር የሚከፈትላት ያ ቤት ብቻ ነበር። መኪናው በተገለበጠ ዕለት ማታም እጇ አብጦ፣ በእግሯ እየተጎተተች የሄደችው እዚያው ነው። ሁሉም እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት። አቶ ማቴዎስም በዝቅተኛው ፋኖስ ብርሃን እያሹ፣ እየዳበሱ አሰሩላት።

ስትደርስ አቶ ማቴዎስ ከቤታቸው ጎን ባለው ዳስ ውስጥ የበር ሳንቃ ይልጉ ነበር። ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ዝናቡ ይንጠባጠባል። ጸጉራቸው ነጭ፣ ትከሻቸው ገና ሰፊ ነው። አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ ከዚያ እጇን አዩት። መላጊያቸውን አስቀመጡ።

«እስቲ» አሉ።

ሰጠቻቸው። አንጓውን ይዘው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነውና ሲስተር አስናቀች በራጅ ያየችውን እሳቸው በጣታቸው አዩት።

«እኔ ነኝ ያጠመምኩት።»

«ጋሼ፣ ጨለማ ነበር።»

«ጨለማ ነበር» አሉ። «ፋኖሱን ከፍ አድርጉት ማለት ነበረብኝ። ለአጥንት ብርሃን ያስፈልጋል። ፈራሁ።»

የፖሊሱን ነገር ስትነግራቸው እያንዳንዱን ቃል አዳመጡ። ሳትጨርስ «እመጣለሁ» አሉ።

«ምን ብለው ይመሰክራሉ?»

«ያየሁትን።»

«የት አየሃት ቢሉዎትስ?»

«ቤቴ።»

«ማን ማን ነበረ ቢሉዎትስ?»

አቶ ማቴዎስ መላጊያውን አንስተው ስለቱን በጣታቸው ሞከሩት። «ልጄ፣ ሳልዋሽ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው» አሉ ፈገግ ብለው። «ዛሬ ልጀምር?»

እንዲህ ያለ ሰው ለሰማይ ጌጥ፣ ለጎረቤት ጣጣ ነው። አቶ ማቴዎስ በጥጃ ክርክር ሽማግሌው ሰባቱንም ለጎረቤታቸው ሊፈርድለት ሲል «ስድስቱ ናቸው የእሱ» ብለው ጎረቤታቸውን ያሳፈሩ ሰው ናቸው። በታሰሩ ጊዜም «ዛሬስ እስረኞቹን ሰብስበህ ጸልየሃል?» ብሎ የጠየቃቸውን ካድሬ «ዛሬ ገና ነው፤ አልመሸም» ብለውት፣ በዚያች መልስ አንድ ወር ተጨምሮባቸዋል። ትርፊት ያን ሁሉ ታውቃለች። ሊመሰክርላት የሚወድ ምስክር አግኝታለች፤ ነገር ግን አፉ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋበት መንገድ አልነበረም።

«እንዳይመጡ» አለች። «ሌላ ሰው አለኝ።»

እሳቸው ሳንቃውን መላግ ቀጠሉ።

ወይዘሮ ብርቅዬ፣ የአቶ ማቴዎስ ሚስት፣ ከምሳ በፊት አትሄጂም ብላ ወደ ቤት አስገባቻት። ቆጮውን ቆረሰች፣ ጎመኑን አቀረበች። ትርፊት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ተቀመጠች። በቀኝ እጅ መብላት ካልቻሉ በግራ መብላት ነው፤ በግራ እጅ ደግሞ ሰው ፊት አይበላም። ስለዚህ አምስት ሳምንት ሙሉ ከሰው ጋር ገበታ አልቀረበችም። በቢሮ «ጾም ነኝ» ትላለች፤ ጴንጤ በሐምሌ ምን ጾም አላት ብሎ የጠየቃት የለም። ማታ በተከራየቻት ክፍል በሯን ዘግታ በግራ እጇ ትበላለች፣ የልብሷን ቁልፍ በጥርሷ ትቆልፋለች። ቢሮ ደግሞ ሰዉ ከወጣ በኋላ ቀርታ በግራ እጇ ፊደል በፊደል ትመታለች። ከአለቃዋ የሰማችውም «ሥራው ለምን ተጎተተ?» የሚል ብቻ ነው። በሀቢቾ እጇን ያየ ሰው አልነበረም፤ ይህ ከስብራቱ ይልቅ አንዳንድ ሌሊት ያስለቅሳት ነበር።

ወይዘሮ ብርቅዬ አንድ ጊዜ አይታ ገባት። ምንም ሳትል ጠጋ ብላ ተቀመጠችና ቆጮውን በጎመን እየጠቀለለች ታጎርሳት ጀመር። እንደ ሕፃን፣ ቀስ ብላ፣ አንዱን እስክትውጥ እየጠበቀች።

«ብዪ፣ የኔ ልጅ፣ ብዪ።»

ሳህኑ እስኪያልቅ አጎረሰቻት። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። እስከ አጥሩ ድረስም ሸኘቻት፤ እዚያ ደርሳ ግን የአጥሩን እንጨት ይዛ ቆመች።

«ሲጠይቁት ይናገራል» አለች፣ ዓይኖቿን መሬት ላይ ተክላ። «ማን ነበረ ካሉት ዘጠኙንም ይጠራል። የእማማ አባይነሽን ልጅ፣ አስተማሪውን፣ ሁሉንም። ሰውዬውን ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ባለፈው አራት ወር ነው። ሲወጣ ሳል ይዞት ነው የወጣው። አሁን ደግሞ ፈርሟል፤ ከፈረመ በኋላ ያለው አራት ወር አይደለም።» ቀና አለች። «እጅሽንም አየሁት። ምን እንደምልሽ አላውቅም፣ ትርፊት። አትጥሪው ብልሽ እግዜር ይታዘበኛል። ጥሪው ብልሽ…»

ትርፊት ጉንጯን ስማ ወጣች።

ዝናቡ አባርቷል። እግሯ ሳታዘው ወደ መናኸሪያው ወሰዳት፤ የሀቢቾው መኪና በዚያ ነው የሚቆመው። ተሳፍራ መሄድ ትችል ነበር። ነገ ቢሮ ትገባለች፤ ከነገ ወዲያ አለቃዋ ሥራው ለምን ተጎተተ ይላታል፤ በመስከረም በዓሉ ሲደርስ ሌላ ታይፒስት ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያስ? ወደ ሙዱላ ተመልሳ በወንድሟ ሚስት ቤት፣ በማይጨብጥ እጅ ምን ትሠራለች? የሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ገና ሻይ ሳታዝ ኃይለመለኮት ከፊቷ ቆመ። ኃይለመለኮት የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ነው፤ ድምፁ ከክላክስ ይልቃል፣ የሁሉንም ሰው ጉዳይ ያውቃል፣ የማያውቀውንም ይናገራል።

«ምስክር ፈልገሽ ነው አሉ» አለ፣ ለዚያች ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፖሊስ ጣቢያ የተነገረ ነገር ባለጉዳዩ መናኸሪያ ከመድረሱ በፊት እንዴት ቀድሞት እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም።

«እኔ አይቼሻለሁ» አለ ኃይለመለኮት፣ አጠገቧ እየተቀመጠ። «እዚችው አግዳሚ ላይ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ይሆናል። ጭቃ በጭቃ ሆነሽ፣ እጅሽ እንደ ዱባ አብጦ። ‹ምን ሆነሽ ነው፣ እህቴ?› አልኩሽ። መልስ አጣሽ። ሻይ አዘዝኩልሽ፤ በግራ እጅሽ ጠጣሽ። ነጠላሽን ቀድጄ አሰርኩልሽ። ታዲያ ይሄ ውሸት ነው? እጅሽ አላበጠም? ጭቃ አልነካሽም?»

ትርፊት አፏን ከፍታ ታዳምጠው ነበር። ካወራው ሁሉ ውሸት የነበረው እሱ እዚያ መኖሩ ብቻ ነው። ይልቁንም ከእውነተኛው ነገር ይልቅ የእሱ ወሬ የሚያምር ሆኖ አገኘችው። የዚያን ዕለት በዚህ መናኸሪያ ያለፈችው በእውነት ነው፤ እጇን አቅፋ፣ በሰው መሐል፣ ማንም ምን ሆነሽ ነው ሳይላት። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው መጥቶ ሻይ ቢያዝላት ኖሮ! ለአፍታ እንደተደረገ ልታምነው ወደደች።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው።

«ምንም። ጽሕፈት ቤት ትሠሪ የለ? እጅሽ ሲድን አንዲት ማመልከቻ በታይፕ ትመቺልኛለሽ። የቀበሌ ቤት እጠይቃለሁ።» ሳቀ። «አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እንሂድ?»

ተነሳች። እሱም ተነሳ። አሥር ርምጃ ያህል አብረው ሄዱ። መሐላው ታያት፤ ሃምሳ አለቃ ሳህሉ መነጽሩን አውርዶ ሲጽፍ፣ ኃይለመለኮት እጁን አንስቶ ሲምል፣ እሷ ከጎኑ ቆማ ራሷን ስትነቀንቅ። ከዚያም ዓርብ ማታ፣ ሹክሹክታው ውስጥ፣ አቶ ማቴዎስ እጇን ዳብሰው «ማን መሰከረልሽ?» ሲሏት። ቆመች።

«ይቅር፣ ወንድሜ። አላየኸኝም።»

ኃይለመለኮት አልተቆጣም፤ ከልቡ ግራ ገብቶት አያት። «ታዲያ ማን አየሽ?» አላት።

ጥላው ሄደች፣ መጀመሪያ በርምጃ፣ ቀጥሎ በሩጫ። አንድ ነገር ድንገት ልቧን አስደንግጧት ነበር፤ «እንዳይመጡ» ስትላቸው አቶ ማቴዎስ እሺ አላሉም። ዝም ብለው መላጋቸውን ነው የቀጠሉት። አቶ ማቴዎስ ደግሞ በውሸት እሺ የሚሉ ሰው አይደሉም።

ጣቢያው ስትደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። በኮሪደሩ ባለው አግዳሚ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሦስተኛው አቶ ማቴዎስ ናቸው። ታጥቦ የተተኮሰውን ኮታቸውን ለብሰዋል፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት በዓይናቸው ብቻ ሰላም አሏት፤ አይዞሽ የሚል ሰላምታ ነበር። ትርፊት ልታለቅስ ደረሰች። በዚያች ሰዓት የተሰማት ደስታ ነው፤ ሰው መጣላት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ለእሷ ብሎ ኮቱን ያስተኮሰ ሰው አልነበረም። ደስታው አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ፤ ከኋላው ፍርሃቱ መጣ።

«ጓድ ትርፊት!» ሃምሳ አለቃ ሳህሉ በተከፈተው በር ጠራት። መዝገቡ በገመድ ታስሮ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ውጭ መዝገቡን የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነስቷል። «ነይ እንጂ፤ ስጠብቅሽ ነበር። አገኘሽ?»

ከኋላዋ አቶ ማቴዎስ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማች።

አንድ ቃል ብቻ ይበቃል። «አዎ» ካለች ሪፈሩን ዛሬ ትወስዳለች፣ ነገ በዚህ ሰዓት በአዲስ አበባው አውቶቡስ ውስጥ ናት፣ ከሁለት ወር በኋላ ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ ይሮጣሉ። ቀኝ እጇ ነጠላዋ ውስጥ ከበዳት። ዘጠኙን ሰዎች አሰበች፤ አንድ በአንድ እጃቸውን የጫኑባትን። የእማማ አባይነሽ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

«አላገኘሁም» አለች።

«ማንም?»

«የዚያን ዕለት ማንም አላየኝም።»

ሃምሳ አለቃው እስክሪብቶውን እንደያዘ ተመለከታት። ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ወደ ኮሪደሩ አየ። «እኚያ ሽማግሌስ? ከስምንት ሰዓት ጀምረው ተቀምጠዋል። ዘበኛው ስለ ሀቢቾው መኪና ነው ያሉት ብሎኛል። ያንቺ ሰው አይደሉም?»

ትርፊት ዞር ብላ አየቻቸው። በሙሉ ዓይኗ፣ መንገድ ላይ እንደሚታይ ሰው፣ አየቻቸው። አቶ ማቴዎስም አዩዋት። ፋኖሱ፣ ሹክሹክታው፣ የወይዘሮ ብርቅዬ ጉርሻ፣ ሁሉም በዚያ ፊት ላይ ነበሩ። በዚህ ሰውዬ ፊት አሁን የምትለውን ካለች ከእንግዲህ ወደዚያ ደጅ መሄድ አትችልም፤ ፖሊስ ፊት አላውቀውም ያሉትን ሰው ቤት በዓርብ ማታ እንዴት ይገባሉ? በሆሳዕና የሚከፈትላት አንድ በር ነበር።

«አላውቃቸውም» አለች።

ሃምሳ አለቃ ሳህሉ ወዲያውኑ አልጻፈም። ወደ እጇ፣ ወደ ሽማግሌው፣ ደግሞ ወደ እሷ ተመለከተ፤ ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው ከፊቱ መለየት አይቻልም ነበር። በመጨረሻ ገመዱን ፈትቶ የተንጋደደውን ፊርማ ከያዘው ወረቀት ሥር «ምስክር የለም» ብሎ ጻፈና መዝገቡን ለሾፌሩ አቀበለው። መኪናው ግቢውን ለቆ ወጣ። ድምፁ ቁልቁል እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ከዚያ ሃምሳ አለቃው አዲስ ወረቀት ሳበና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እርስዎስ አባት፣ ጉዳይዎ ምንድን ነው?»

ትርፊት አልዞረችም። ስድሳ ስምንት ዓመት እውነት ሲናገሩ የኖሩትን ሰው ዛሬ፣ ለዚህች አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ዝም እንዲያሰኝላት አምላኳን ለመነች። እንዲህ ያለ ጸሎት የሚሰማ ይሁን አይሁን አላወቀችም። አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማች፤ አቶ ማቴዎስ ተነስተው ቆሙ።